ሙሽሮቹን ያጣላው ሦስተኛ ወገን

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አዲስ ሙሽራ ሽንቷን ሲያቃጥላት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን ነው? ባሏ ነዋ! ባልየው ደግሞ «እኔን እኮ ምንም አይለኝም» ካለ ጣት ወደ እሷ ይዞራል። ከሁለት አንዳቸው የሆነ ቦታ «ወጣ» ብለዋል ማለት ነው፤ ፍርዱ አለቀ። እኛ ዘንድ ከወገብ በታች የሚያም ነገር ሁሉ ከሌላ ሰው እንደመጣ ነው የሚቆጠረው። ሕመሙ ከራሷ ገላ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብሯት ከኖረ ነገር ሊነሳ ይችላል ብትሉ «ለመሸፈን ነው» ትባላላችሁ።

የማወጋችሁ ታሪክ ባለቤቶች ሁለቱም ይህን ዓምድ ያነባሉ። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እሱ «ሰፈራችንንና መሥሪያ ቤቴን እንዳትነኪ» አለኝ፤ አልነካሁም። እሷ ግን «ጻፊው፣ እንዲያውም ሳታሳጥሪ ጻፊው» ነው ያለችው።

ልጅቷ አብሮ አደጌ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክንጨርስ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ ጥር ላይ ስታገባም ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። ከሠርጉ በፊት ተያይዘው ሄደው የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገዋል፤ ሁለቱም ነፃ። እሷ ከሱ በፊት ወንድ አታውቅም። ይህን የምነግራችሁ ላሞግሳት ብዬ አይደለም፣ ሂሳቡ እንዲገባችሁ ነው።

ከሠርጉ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ሽንቷ ያጣድፋት ጀመር። ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች፣ ጠብ የምትለው ግን ጥቂት ናት፤ እሷም እንደ በርበሬ ታቃጥላለች። ከእምብርቷ በታች ይከብዳታል። ሽንቷ ደፍርሷል፣ ሽታውም ተለውጧል። አማቷ ነገሩን ሲሰሙ «የሞቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ምች ነው» አሉና ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ለሽንቷ ግን ዳማከሴው ምንም አልፈየደላትም።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ሂሳቡ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እሷ በልቧ «ከሱ ሌላ ሰው አላውቅም፤ ስለዚህ ያመጣው እሱ ነው» ብላለች። እሱ ደግሞ ምንም የሚያመው ነገር የለም፤ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ስለዚህ...» አለና ዝም አለ። «ስለዚህ ምን?» ብላ አፋጠጠችው። «እንጃ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አላት። እናንተዬ፣ ይህቺ «አንቺ ታውቂያለሽ» የምትባል ነገር ስንት ትዳር በልታለች!

እንዲያም ሆኖ ጨካኝ ሰው አይደለም። በማግስቱ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ «ለሽንት ማቃጠል» ብሎ አሥር ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መጣ። «አንድ ላይ ካልታከምን መልሰን እንያያዛለን» በሚል አምስቱን እሷ፣ አምስቱን እሱ ዋጡት። ሁለት ቀን ሻል አላት። በአራተኛው ቀን ማቃጠሉ ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ላይ ማሳከክና እንደ አይብ ያለ ነጭ ፈሳሽ ተጨመረበት። ከዚያች ማታ ጀምሮ ባልየው ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። እሷ ልብሷን በሻንጣ ከትታ እኔ ቤት መጣች።

«እናቴ ቤት ልግባ?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ሐኪም ቤት» አልኳት። ባልየውን በስንት ልመና ይዘነው ሄድን።

ሐኪሙ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቸኩለው ወረቀት አልጻፉም። ትኩሳት አለሽ ወይ? ጎንና ጎንሽን፣ ከጀርባሽ በኩል፣ ያምሻል? ያስመልስሻል? የወር አበባሽ መቼ ነበር? ምን መድኃኒት ወሰድሽ፣ ስንት ፍሬ? ከዚያ ደግሞ «የምትሠሪበት ቦታ ሽንት ቤት አለ?» ብለው ጠየቋት። ምን አገናኘው አልኩ በሆዴ። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

ሽንት በዕቃ ሰጠች፤ የመጀመሪያውን አፍስሳ መሐል ላይ ያለውን። ከነጩ ፈሳሽም ናሙና ተወሰደ። ለአባላዘር በሽታዎች ሁለቱም ተመረመሩ። ሽንቱ ባክቴሪያው እስኪያድግ ድረስ አንድ ሁለት ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ መቆየት ነበረበት። በሦስተኛው ቀን ሦስታችንም ተመልሰን ገባን። ባልየው የወንበሩ ጫፍ ላይ፣ በር አጠገብ ተቀመጠ።

አባላዘር የሚባል ነገር የለም። የሽንቱ ወረቀት ላይ ግን «ኢ. ኮላይ» የሚል ተጽፏል።

«ዶክተር፣ ከማን ነው የያዘኝ?» አለች። ዓይኗን ከባሏ ላይ አላነሳችም።

«ከራስሽ ነው ልጄ።»

ባልየው ቀና አለ። «ከራሷ ሲባል?»

«ከገዛ አንጀቷ። አንተም አለህ። እኔም አለኝ። እቺም አለቻት» አሉ ወደኔ እያመለከቱ። እንዴት እንደደነገጥኩ!

እኔ ባክቴሪያ ሲባል ትዝ የሚለኝ ክፍል ውስጥ የተማርነው የበሽታ ዝርዝር ነው። ኮሌራ፣ ቲቢ፣ ታይፎይድ። ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ጠላት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩን መጠየቅና ማንበብ ያዝኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1885፣ ሙኒክ ውስጥ ቴዎዶር ኤሸሪሽ የሚባል የሕፃናት ሐኪም የጨቅላዎችን ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ ሲያይ ነው ይህን ባክቴሪያ ያገኘው። «ኢ» የምትለዋ ፊደል የሱ ስም መታሰቢያ ናት፤ «ኮላይ» ደግሞ ከትልቁ አንጀት ስም የመጣ ነው። ልብ በሉ፣ ያገኘው የጤነኛ ሕፃናት ሆድ ውስጥም ነው። ተወልደን ጥቂት ቀን ሳንቆይ ሆዳችን ገብቶ ይኖራል። ቤት ኪራይም ይከፍላል፦ እሱና ጎረቤቶቹ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ ይሠራሉ፣ ክፉ ጀርሞችም ቦታ እንዳያገኙ ይከላከላሉ።

ቁጥሩን ስሰማ ሳቅሁ። በ2016 የወጣ አንድ ስሌት እንደሚለው በአንድ ጎልማሳ ሰው ገላ ላይና ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ አለ፤ የሰውየው የራሱ ሕዋሳት ደግሞ 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። በራሳችን ቤት ቁጥራችን ከነሱ አይበልጥም ማለት ነው! ሁሉም አንድ ላይ ቢመዘኑ ግን 200 ግራም ገደማ ናቸው፤ ሩብ ኪሎ ሥጋ እንኳ አይሞሉም።

ታዲያ ይህ ሰላማዊ ተከራይ ለምን ሙሽራ ያሰቃያል? ነገሩ የቦታ ጉዳይ ነው። አንጀት ውስጥ እያለ ጸጥ ብሎ ነው የሚኖረው። በሽንት ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ ፊኛ ውስጥ ሲገባ ግን ያልተጠራበት ቤት ገባ። የሴት ሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ የወንድ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሴቷ ቧንቧ አፍ ደግሞ ከፊንጢጣ ብዙም አይርቅም። ባልና ሚስት ሲገናኙ አካባቢው ላይ ያለውን ባክቴሪያ መተሻሸቱ ወደ ቧንቧው ይገፋዋል። አንዳንዱ የኢ. ኮላይ ዝርያ ጫፋቸው የሚያጣብቅ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መንጠቆዎች አሉት፤ የፊኛውን ግድግዳ አንዴ ከጨበጠ ሽንት በቀላሉ አያጥበውም። ይህ ከንጽሕና ጉድለት ጋር የሚገናኝ አይደለም። በቀን ሁለቴ የምትታጠብ ሴትም ይይዛታል። የውጭ አገር ሐኪሞች «የጫጉላ ሕመም» የሚል ቅጽል እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያገኛቸዋል፤ ከአምስቱ አራት ያህሉን ጊዜ ጥፋተኛው ይኸው ኢ. ኮላይ ነው።

ሐኪሙ ለባልየው «አንተ ያመጣኸው ነገር የለም፣ የነበረውን ገፋኸው እንጂ» ሲሉት ልጁ እንደ ቲማቲም ቀላ። እሷ ከስንት ቀን በኋላ ያን ጊዜ ሳቀች።

ነጩ ፈሳሽስ? እሱ የካፕሱሉ ሥራ ነው። በሴት ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ደግ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከእርጎ ባክቴሪያ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አሲድ እየሠሩ አካባቢውን ለሌላ ጀርም ያኮመጥጡታል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ያገኘውን ይመታል። ዘበኞቹ ሲቀነሱ፣ እዚያው ዝም ብሎ ይኖር የነበረ ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ሜዳው ባዶ ሆኖ አገኘውና ፈላ። እሱም የራሷ ነው፣ ከማንም አልመጣም። ልጅቷ ላይ «ሁለተኛ ማስረጃ» ተደርጎ የተቆጠረው ፈሳሽ ባልየው ገዝቶ ያመጣላት መድኃኒት ውጤት ነበር ማለት ነው።

ዋናው ሕመምስ ለምን ተመለሰ? አንደኛ፣ አምስት ፍሬ መድኃኒት አይባልም። ሁለተኛ፣ በብዙ አገር ያለው ኢ. ኮላይ አሞክሳሲሊንን ከለመደው ቆይቷል። የሷም ወረቀት ላይ አሞክሳሲሊን አጠገብ «አይሠራም» የሚል ምልክት ነበረበት። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ባደረገው የኖቤል ንግግር ላይ ምን ብሎ እንደነበር ሳነብ ጓደኛዬን ነው ያስታወሰኝ። አንድ የምናብ ባልና ሚስት ፈጠረ። ባልየው ጉሮሮውን ያመዋል፤ ፔኒሲሊን ራሱ ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል። ባክቴሪያው ሳይሞት መድኃኒቱን መቋቋም ይማራል። ከዚያ ሚስት ላይ ይጋባና የሳምባ ምች ይይዛታል፤ ያው ፔኒሲሊን ይሰጣታል፤ አይሠራም፣ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ታዲያ ጥፋቱን ባልየው ላይ ነው የጣለው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ገና አዲስ ነበር! ዛሬ እኛ ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል እንደ ቡና ቁርስ እንካፈላለን።

ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው ባክቴሪያው የሚፈራውን መድኃኒት መርጠው፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ጽፈው ሰጧት፤ ለፈንገሱ ደግሞ ለብቻው። ለባልየው ምንም አላዘዙለትም። «እኔስ ዶክተር?» ሲላቸው «ምንህን ላክም?» አሉት።

አሁን ወደዚያች የሽንት ቤት ጥያቄ እንመለስ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበችኝ እሷ ናት። ጓደኛዬ የምትሠራው ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ ሽንት ቤት የለውም። ሕንፃው ላይ ያለው ተቆልፎ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ውኃ ላለመጠጣት ተለማምዳለች። ቤቷ ስትደርስ ነው የምትሸናው። እዚህ ከተማ ስንት ሴት እንዲህ እንደምትውል እስቲ ጠይቁ። የሱቅ ሠራተኛዋ፣ ትኬት ቆራጯ፣ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው፣ ተማሪዋ። ወንዱ አጥር ሥር ዞር ይላል። እሷ የት ትዙር?

ሰውነት ፊኛውን የሚያጸዳበት ትልቁ መሣሪያ ሽንት ነው። ኢ. ኮላይ ምግብና ሙቀት በደንብ ካገኘ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። በወረቀት ላይ አስሉት፦ አንዷ ባክቴሪያ ምንም ካልነካት በስምንት ሰዓት ከ16 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። ፊኛ ውስጥ እንዲህ አይፈጥንም፤ ግን ለምን ጊዜ እንሰጠዋለን? በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ቡልጋሪያ ውስጥ ይህ ሕመም የሚመላለስባቸው፣ ውኃም እምብዛም የማይጠጡ 140 ሴቶች ላይ የተደረገ። ግማሾቹ ከለመዱት በላይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ውኃ እንዲጨምሩ ተደረገ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ጊዜ ካልጨመሩት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ውኃ ብቻ! ለዚህ ግን የሽንት ቤት ቁልፍ ያስፈልጋል። አሠሪዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ቁልፉን ከዘበኛው ኪስ አውጡት። ልመና አይደለም።

ጓደኛዬ ቁልፉን አስቀድታ በቦርሳዋ ይዛለች፤ ከዘበኛው ጋር ትንሽ ተጨቃጭቃ። ወደ ቤቷም ተመልሳለች። ሽማግሌ አላስፈለገም። የላቦራቶሪ ወረቀቱን ኮመዲኖው ላይ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ አስቀምጣዋለች። ባልየው «አንሺው በቃ» ቢላትም እስካሁን አላነሳችውም።

ይህን እየጻፍኩ ለጓደኞቼ ሳወራ የመጣው ጥያቄ ብዛት! «ውስጥን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በዴቶል ብታጠብስ?» የሚሉ አሉ። ተዉ እባካችሁ። ያን ጊዜ የምትገድሉት እነዚያኑ ዘበኞች ነው። ከውጭ በንጹሕ ውኃ በቂ ነው። ስትጠራረጉ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ከግንኙነት በኋላ ተነስቶ መሽናትን ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ጥናቱ ብዙም ጠንካራ ባይሆንም ጉዳት የለውም፣ ገንዘብም አያስወጣም። አንዷ ደግሞ «ማቃጠል ካለ ሁልጊዜ ከራስ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም! ጨብጥና ክላሚዲያም ያቃጥላሉ፤ በስሜት መለየት አይቻልም። የሚለየው ምርመራ ነው። ስለዚህ «ጋዜጣ ላይ ከራስ ነው ይላል» ብሎ ሚስቱን ሊያታልል የሚፈልግ ወንድ ካለ፣ እኔን ምስክር አያድርገኝ።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ከጀርባ በኩል ጎን ካመመ ወይም ካስመለሰ፣ ባክቴሪያው ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ዳማከሴም ካፕሱልም ሳይሞከር ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ምንም ሳያማት እንኳ ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረ ኩላሊቷን ሊያሳምማት፣ ልጁም ያለ ጊዜው እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። በእርግዝና ክትትል ላይ ሽንት አምጪ የምትባሉት ለዚህም ነው፤ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትዝለሉት።

ቤት የሚቀይር ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ብቻም አይደለም። ከሦስት ሰው አንዱ ያህል አፍንጫው ውስጥ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ በሰላም ይኖራል፤ ቆዳ ሲሰነጠቅ ወይም በምላጭ ሲቆረጥ ይገባና እባጭ ያወጣል። አፍ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ የድድ ቁስል ሲያገኙ ደም ውስጥ ይገባሉ። ለብዙ ሰው ምንም አይደለም፣ ደም ያጠራቸዋል። በልጅነቱ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብ በር የተበላሸበት ሰው ላይ ግን፣ በአገራችን ደግሞ ብዙ ናቸው፣ እዚያ በር ላይ ተጣብቀው ሊገድሉ ይችላሉ። የልብ ሕመም ያለባችሁ ጥርስ ከመነቀላችሁ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩ።

«ወንዶችስ አይያዙም?» ብሎ የጠየቀኝ ባልየው ራሱ ነው። ይይዛቸዋል፣ ግን በወጣት ወንድ ላይ እምብዛም ነው፤ ቧንቧው ረጅም ነዋ። ስለዚህ ወጣት ወንድ ሽንቱን ካቃጠለው «የሚስቴ ዓይነት ነው» ብሎ የሷን መድኃኒት አይጋራ፣ ሄዶ ይታይ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ እያበጠ ሽንቱን ያግደዋል፤ ፊኛው ውስጥ የተረፈው ሽንት ለዚያው ለኢ. ኮላይ መዋኛ ይሆናል። ባልየው ይህን ስነግረው ዝም አለና «አባባ ሌሊት አራት አምስቴ ይነሳል እኮ» አለ። ቅዳሜ ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ቀጠሮ ይዟል።